አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ አምስት

ፈትሂያ፣ ትናንት ደቻቱ ድልድይ ላይ፣ ጊታርሽን ነካ ነካ ስታደርጊ፣ ለጠየቅሽኝ ነገር
መልስ ሳልሰጥሽ ሄድኩ፤ በባጃጅ ጩኸት አሳብቤ ነበር።
«ቲዎሪውን ልማር? ወይስ ጆሮዬ ይበቃል?»
ብለሽኛል። ድሬ ናትና ሌሊቱም ይሞቃል፤
እንቅልፍ እምቢ ሲል ጊታሬን ከግድግዳው አወረድኩ፣
ላንቺ የምለውን ለራሴ ስነግር አደርኩ።

እኔም ባንቺ ዕድሜ አልማርም ስል ምዬ፣
የተቆጠረ ከብት አይበረክት ብዬ፣
ዜማም ቢቆጥሩት የሚያልቅ መስሎኝ ፈርቼ፣
አሥራ አንድ ዓመት መታሁ፣ ከዚራ፣ ሆቴል ጓሮ ተጎልቼ፣
ከአምፖሉ ሥር፣ ከትንኙ ጋር፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ጆሮዬን ብቻ አምኜ።

ኋላ ሳቢያን፣ አንድ ሰርግ ላይ፣ ዘፋኟን ጉንፋን ይዟት፣
«አንድ ድምፅ ተኩል አውርድልኝ» አለችኝ፣ ላብ አጥምቋት።
ወዴት ላውርድ? እጄ የለመደው አንድ መንገድ፣
ሌላ ሰፈር ቢጥሉት እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ።
ኪቦርድ መቺው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ጨረሰ፤
እኔ ክር ሳላላ፣ ሙሽራው ጨፍሮ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ጋሽ ሮብሌን ያን ሰሞን ነው ያገኘሁት። የባቡር ጡረተኛ፤
በሠራተኞቹ ባንድ ክላርኔት ይነፋ ነበር፣ ሁለተኛ።
እንጀራው ግን መዶሻ ነው፣ ባለ ረዥም እጀታ፤
ከጅቡቲ የገባውን ባቡር፣ ጧትም ይሁን ማታ፣
የብረት እግሩን አንድ በአንድ እየመታ
ያዳምጣል። ደህናው ብረት ረዥም ይዘምራል፣
የተሰነጠቀው ያጉረመርማል።
«ስንጥቁን ዓይን አያየውም» አለኝ፣ «ጆሮ ያውቃል።
ግን ስንተኛው ፉርጎ? ስንተኛው እግር? ይኼን ካልነገርክ
ባቡሩ ይሄዳል። ብቻህን አወቅክ፣ ምን ፈየድክ?»

ወረቀት አልሰጠኝም። «ክሮቹን ቁጠር» አለ፣
«ከወፍራሙ ጀምር፤ ከክር እስከ ክር ስንት እርምጃ አለ?»
አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ አምስት።
አሥራ አንድ ዓመት ያቀፍኩት እንጨት
አንዲት ጎደሎ እርምጃ ደብቆኝ ኖሯል! ጣቴ
እዚያች ጋ ሲደርስ የሚደናቀፈው፣
በመዳፌ አውቄው፣ ስም ያጣሁለት ባንደበቴ።

ሌላ ቀን ትዝታን አስመታኝ፣ ሜጀሩን። ዝም ብሎ ሰማ።
«አሁን ሦስተኛዋንና አምስተኛዋን ድምፅ አንዳንድ ፍሬት ወደ ኋላ።»
እንዳለኝ አደረግኩ። ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማ
ጓሮው ጨለመብኝ።
«ሁለት ፍሬት ናት ሐዘን» አለ፣ ከት ብሎ ስቆ።
እናቴ በሞተች ዓመት፣ ማንም ሳይነግረው፣ እጄ አውቆ
የሄደባት መንገድ ናት። ያቺው።
ስሙን ብጠራው አልሞተም ዜማው፤
ታይዋን ገበያ መሐል በስሟ እንደተጠራች ሴት
ዞር ብሎ አየኝ እንጂ፤ «አቤት?»

እና ተማሪ። መጽሐፉን ግን ከገጽ አንድ አትጀምሪ፤
እኔ ጀምሬ ሰባት ላይ ቀረሁ፣ የተረፈውን የሰፈራችን ለውዝ ቸርቻሪ
ጠቅልላበታለች።
የምትወጂውን ዘፈን ያዢ፤ ከለመደው ቤት አስነሺው፤
ሌላ ፍሬት ላይ አሳድሪው፣ የቱ ጋ እንደጎረበጠው ጠይቂው።
ኖታ ማንበቡን አልዋሽሽም፤ ዛሬም በጣቴ እየጠቆምኩ፣
ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ፣ አንድ መስመር ሳልጨርስ ደከምኩ።

አምባሰል ላይ ደግሞ ዘፋኟ በሁለት ፍሬት መካከል
ታርፋለች አንዳንዴ፤ እዚያ ቁጥር የለም።
ጋሽ ሮብሌን ብጠይቀው፦ «ክሩን ሳብ አድርግና ዝም በል።»

አሁን ጆሮው ደክሟል። መዳፉን ከጊታሬ ሆድ ያስጠጋል፣
ንዝረቱን ይዞ፣ «ሁለተኛዋ ላልታለች» ይላል፤
ልክ ይሆናል።

ቅዳሜ ነይ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ካሮጌው ጣቢያ ጀርባ ነን።
ገንዘብ አልጠይቅሽም። ጊታርሽን ብቻ ያዢልን።
ደግሞ ትናንት ያልመለስኩልሽ፣ ባጃጁ አይደለም የያዘኝ፤
ሁለተኛዋ ክርሽ ወርዳለች፣ እሷ ናት ዝም ያሰኘችኝ።